ደባርቅ፣ ጎንደር፣ መተማ ወይስ አዲስ አበባ? ከደመወዙ በፊት የሚሠራ ሒሳብ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱን መልእክቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየበዛብን ነው። የሚጽፉልን ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከአዲአርቃይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። አብዛኞቹ ዲግሪ አላቸው፤ ሥራ የላቸውም። ጥያቄው ሲጨመቅ «የት ከተማ ልሂድ? ደመወዙ የት ይሻላል? ኑሮውስ የት ይቀላል?» የሚል ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከዳባት የጻፈልን ወንድማችን ነው። ከተመረቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቱ ልጅ «ና» ብሎታል። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ለሰሊጥ ወደ መተማ ለመውረድ እየተጠራሩ ነው። አባቱ ለመንገዱ ብለው ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጡ ተነስተዋል። ልጁ የጠየቀን በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሐሳባችንን እንድንነግረው ነው።

በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ አልመሰለንም። ከጥንድ በሬ አንዱ ሲሸጥ የቀረውም ሥራ ፈታ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ወይ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ የሚሄድበት ከተማ የሚከፍለው ገንዘብ የዚያን በሬ ጉድለት መሙላት አለበት። ሒሳቡን ከዚህ እንጀምር።

ደመወዝ ከተማ አይመርጥም

ብዙዎቻችን ከተሞችን የምናወዳድረው «እዚያ ስንት ይከፈላል?» ብለን ነው። የመንግሥት ሥራ ከሆነ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ አያስኬድም፤ እርከኑ አንድ ነዋ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል።

11,500 ብር ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው። እጅ ላይ የሚገባውን እናስላ። በ2017 ማብቂያ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም (በፊት ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር)። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይቆረጣል። ለ11,500 ብር ሲደመር ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ነው። ሠራተኛው ቤቱ ይዞት የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል። ሌላ መዋጮ ካልተቆረጠ ማለት ነው፤ የማይቆረጥበትን መሥሪያ ቤት የምታውቁ ንገሩን።

አሁን ይህን 8,595 ብር ለሁለት መምህራን እንስጥ፤ አንዷ ደባርቅ፣ ሌላዋ አዲስ አበባ። ለሒሳቡ ያህል የደባርቋ ለአንድ ክፍል 2,000 ብር፣ የአዲስ አበባዋ 6,000 ብር ኪራይ ትከፍላለች እንበል። (እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው፤ በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ተኳቸው።) የደባርቋ 6,595 ብር ይቀራታል፤ የአዲስ አበባዋ 2,595 ብር። ደመወዛቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው አንድ ነው፣ የኑሯቸው ደረጃ ግን እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው በሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ መመላለሱ ትንሽ ያግዛል እንጂ ልዩነቱን አይሞላውም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ነገር በግልጽ እንናገር። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ የመንግሥት ቅጥር በእጁ ያለ ሰው «ለደመወዝ ብዬ» አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ለትምህርት ይሂድ፣ ለትዳር ይሂድ፣ ለጸጥታ ይሂድ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 በየሆስፒታሉ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሲነሱ የትልቅ ከተማ ሐኪሞችም ጭምር «ከኪራይ አልተረፈንም» ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለጠያቂያችን የመንግሥት ቦታ የለውም። ደባርቅ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አገኘች፤ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማነትና ዩኒቨርሲቲ። ዞን ሲመጣ መምሪያዎች ይመጣሉ፣ መምሪያ ሲመጣ መደብ ይከፈታል። ግን መደብ አንድ ጊዜ ከሞላ የሚለቀቀው ሰው ሲሞት፣ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ያስመርቃል፤ ዞኑ በየዓመቱ አይፈለፈልም።

ደባርቅ የራሷ ሥራ ነበራት

የውጭ ሰው ስለ ደባርቅ ሲሰማ ብርድና ሊማሊሞ ነው የሚታየው። የሰሜን ተራሮችን ለማየት የመጣ ጎብኚ ግን ደባርቅ ሳይቆም አያልፍም። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚያዘው፣ መሣሪያ የታጠቀው ስካውት የሚመደበው እዚያ ነው። አንድ ቡድን ለአራትና ለአምስት ቀን ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ሲወጣ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ጫኝ አብሮት ይወጣል። ገና ሳይነሳ ደግሞ ከከተማው ዳቦ፣ ድንች፣ ዘይትና ጋዝ ይገዛል። የአንድ ፈረንጅ ብር ቢያንስ አምስት ስድስት ቤት ይገባ ነበር። ዲግሪ የማይጠይቅ፣ ከተማ የማያስለቅቅ፣ አንዳንዴም ከዲግሪ ደመወዝ በላይ የሚከፍል ሥራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ እሳቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ ያደረሰው ሐዘን እስከ ዛሬ አልወጣም። ትንሽ ተንፈስ ሲባል ደግሞ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። ቱሪዝም ደግሞ ከሥራ ሁሉ ወሬ የሚፈራ ሥራ ነው። ተኩሱ ቢቆም እንኳ ጎብኚው ወዲያው አይመለስም፤ ቲኬቱን የሚቆርጠው ከስድስት ወር በፊት ነውና።

በዚህ ላይ የግጭ ሰዎችን ጉዳይ ማንሳት ግድ ይለናል፤ ስለ ኑሮ ውድነት ከማንም በላይ የሚያስተምረን የእነሱ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ እምብርት ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ለፓርኩ ጥሩ ሆነለት፤ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር የተመዘገበው ይህ ፓርክ ለ20 ዓመት ገደማ ከቆየበት የአደጋ መዝገብ በቀጣዩ ዓመት ወጣ። ለሰዎቹስ? ግጭ እያሉ ገብሱ ከማሳ ነው፣ በጉ ከግጦሽ ነው፣ ቤቱ የራስ ነው። ብር የሚያስፈልገው ለጨው፣ ለልብስና ለግብር ነበር። ደባርቅ ሲገቡ ማገዶው በብር፣ እህሉ በብር፣ ውኃው በብር ሆነ። ካሳው ትልቅ ቁጥር መስሎ ነበር፤ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ብር የሚበላ ኑሮ እንዳለ ግን ቁጥሩ አልተናገረም።

ከገጠር ተነስቶ ከተማ የሚገባ ወጣት ሁሉ የሚገጥመው ይኸው ነው። ቤቱ እያለ ያላወጣው ወጪ እንደ ገቢው መቆጠር ነበረበት፤ ማንም ግን አይቆጥረውም።

ስንቅ የሚደርስበት ርቀት

ዳባትና ደባርቅ ከገጠር መጥታችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ የተማራችሁ ይህን ሒሳብ ታውቁታላችሁ። አርብ ማታ በእግር ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቅ በጀርባ። ዱቄቱ፣ በሶው፣ ሽሮው፣ ድንቹ ከቤት ነው፤ በብር የሚከፈለው ኪራይ ብቻ ነው። ያ ተማሪ በጥቂት መቶ ብር ዓመት ሲገፋ ያየ የውጭ ሰው «ደባርቅ ርካሽ ነው» ይላል። ርካሽ አይደለም። ወጪውን እናትና አባት በእህል ከፍለውታል።

ደባርቅ በብር ብቻ ለሚኖር ሰው እንዲያውም ቀላል ከተማ አይደለችም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት የአካባቢው ነው። ጤፉ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይወጣል። መንገዱ ለሁለት ቀን ሲዘጋ ሱቁ በማግስቱ ይናገራል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ የዘይቱ ዋጋ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ወጥቶ ነው ያገኘን። ብርዱም ዋጋ አለው፤ ማገዶ፣ ከሰል፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መተማ ላይ አይገዛም፣ ደባርቅ ላይ ግድ ነው።

እንግዲህ እኛ ከተሞችን የምናወዳድርበት መለኪያ ይህ ነው፤ የቤትህ ስንቅ እዚያ ከተማ ይደርሳል ወይ? ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ለሹፌሩ ስልክ ተደውሎ፣ ከሰዓት አዘዞ ይራገፋል። አዲስ አበባ ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ለበዓል የተላከ ቅቤና በርበሬ ነው እንጂ የወር ቀለብ አይደለም።

ለዚህ ነው ጎንደር ላይ የሚከፈል ትንሽ ደመወዝ አዲስ አበባ ላይ ከሚከፈል መካከለኛ ደመወዝ የሚሻልበት ጊዜ የሚበዛው። ጎንደር ሥራ ሞልቷል ማለታችን አይደለም። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ፣ ዳሸን ቢራ፣ የግል ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች፣ ንግዱ፣ ግንባታው አለ፤ የፋሲል ግቢ እድሳትና የመንገድ ሥራው ለቀን ሠራተኛ በር ከፍቷል። የግል ትምህርት ቤት ወይም ፋርማሲ የሚከፍለው ከመንግሥት እርከን በታች ሊሆን ይችላል። ግን ኪራዩን ከሁለት ጓደኛ ጋር ተካፍሎ፣ እህሉን ከቤት እያስመጣ የሚኖር ልጅ በወሩ መጨረሻ ጥቂት መቶ ብርም ቢሆን ይተርፈዋል። ሥራው ባይሆንለት ደግሞ በሦስት ሰዓት ቤቱ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ባሕር ዳርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የክልሉ መቀመጫ ስለሆነች ቢሮው ይበዛል፣ ኪራዩም ይጨምራል። ፋብሪካ ለሚፈልግ ደብረ ብርሃን አለች፤ ለደባርቅ ሰው ቢያንስ ብርዱ አዲስ አይሆንበትም።

መተማ፦ ትልቁ ብርና ትልቁ ዕዳ

አሁን ወደ ሰሊጡ እንውረድ። የሰሜን ደገኛ ወደ ቆላ መውረዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማ፣ አርማጭሆ፣ አብደራፊና ሁመራ ይወረዳል። ጊዜው ለደገኛው ይመቻል። የደጋው ገብስ የሚታጨደው ከዚያ በኋላ ነው።

የሰሊጥ ሥራ ክፍያ እንደ መንግሥት ደመወዝ የታወቀ አይደለም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰሊጡ ራሱ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ባለሀብቱ ሺህ ሄክታር ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት የሰው ጉልበት ዋጋ ይሰቀላል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ዝቅ ይላል። ቆላውን የለመደው «ሳሉግ» የሚባለው ሠራተኛ ይህን ያውቃል፤ መቼ እምቢ ብሎ መቼ እሺ እንደሚል፣ በቀን ይሻላል በኮንትራት የሚለውን ያሰላል። መጀመሪያ የሚወርደው ደገኛ ግን ደላላ በነገረው ዋጋ ይገባል፤ በመሀል ለወሰደው ጫማ፣ ሲጋራና የሞባይል ካርድ የተጻፈበት ደግሞ በመጨረሻው ቀን ይቀነስበታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ በጥሬ ብር ትልቁን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ መተማ ነው። ምግቡ ከባለሀብቱ፣ ማደሪያው ዳስ፣ ብር የሚያስጥል ከተማ የለም። በሬ የገዙበት፣ ቆርቆሮ ቤት የሠሩበት፣ ጋሪ ያወጡበት ሰዎች ስላሉ ነው ወጣቱ በየዓመቱ የሚወርደው። ያንን መካድ አንችልም።

ከዚህ ላይ ግን ሦስት ነገር መቀነስ አለበት። አንደኛው በሽታ ነው። ወባውን ሁሉም ያውቀዋል። ካላዛርን ግን ብዙው ደገኛ የሚያውቀው ከታመመ በኋላ ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ቆላ ወርዶ በጥቁር አፈርና በግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ዋነኛ ተጠቂ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ ምልክቱ ናቸው። ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለው፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው። ሆኖም ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ተኝቶ 17 ቀን መርፌ መወጋትን ይጠይቃል፤ አስታማሚው፣ የአስታማሚው ምግብ፣ ከዚያ በኋላ አቅም እስኪመለስ የሚያልፈው ወቅት ነፃ አይደለም። አጎበር ይዞ መውረድ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል፤ ይህን የምንለው «አጎበር የሴት ነው» እያላችሁ ለምትስቁት ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከጎንደር መተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መንገድ ስለ እገታ ስንት ጊዜ ጽፈናል። ለቤዛ የሚጠየቀው ብር የሰሊጡን ደመወዝ ይዞ የሚሄድ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱንም በሬ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው የመመለሻው ጉዳይ ነው። ድሮ ሥራው ሲያልቅ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ ጥቂት ወር የሚሠራ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያ አማራጭ የሞት አማራጭ ሆኗል።

ስለዚህ መተማን ከአዲስ አበባ ጋር ማወዳደር ልክ አይመጣም። ሰሊጥ የአንድ ወቅት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ወር አለ።

«ና» ብቻ አይበቃም

አዲስ አበባ ሥራ አለ። ይህን የሚክድ የለም፤ ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ ግንባታው፣ ባንኩ፣ የሽያጭ ሥራው፣ ጥበቃው፣ የመልእክት ማድረሱ ሥራ ብዛት ከጎንደር ጋር አይወዳደርም። እኛ የምንፈራው ከመግባትና ከመቀጠር መካከል ያለውን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አገራችን ውስጥ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያነሳም ወለሉ እስካሁን አልተቀመጠም። ስለዚህ መንግሥት ዝቅተኛውን 6,000 ብር ስላደረገው የግል አሠሪው ያንን ይከፍላል ማለት አይደለም። (በነገራችን ላይ 6,000ውም ቢሆን ግብርና ጡረታ ሲወጣለት 4,880 ብር ነው።) የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዓለም ልብስ አምራቾች ሁሉ ዝቅተኛው። ሥራ ነበር፣ ያውም በሺዎች። ግን ኪራይና ምግብ ከደመወዙ በለጡና ልጃገረዶቹ እየለቀቁ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ማቆየት አቃታቸው። የሥራ መኖርና የሚያኖር ሥራ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚያ በላይ ያሳየን የለም።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ለሁለት ዓመት ያጸናል፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከዳባት የመጣ ልጅ ውል አይፈራረምም፤ በደባልነት ነው የሚገባው። ደባል ደግሞ ሕጉ የሚያየው ተከራይ አይደለም፤ ዋናው ተከራይ «ወንድሜ መጥቶብኛል» ያለው ቀን ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው ዋስ ነው። ጥበቃም ሆነ ገንዘብ ተቀባይ ለመሆን ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ የሚሆን ሰው የሌለው ልጅ ቃለ መጠይቁን አልፎ በሩ ላይ ይቀራል። ያ የሚሆነው ደግሞ አጎት ቤት ሦስተኛ ወሩ ላይ፣ የበሬው ብር ካለቀ በኋላ ነው።

ዓረብ አገርን የጠየቃችሁንም አልረሳንም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለአሁኑ በሕጋዊ ኤጀንሲና በተፈረመ ውል ካልሆነ አትውጡ ከማለት በላይ አንሄድም።

ለዳባቱ ወንድማችን

ሥራ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ከማለትህ በፊት ደጃፍህን እይ። ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሕዝብ ጤና መረጃ የሚሰበስብበት የምርምር ማዕከል አላት፤ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። እዚያው ወረዳህ ዓለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ አለ፤ ተራድኦ ድርጅቶች ባሉበት ምዝገባ፣ ማከፋፈል፣ ሹፍርና፣ ጥበቃ ይኖራል። እርግጥ በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ይህም በር ጠቧል። የሚለጠፈው ማስታወቂያ የሦስትና የስድስት ወር ኮንትራት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቤትህ ተኝተህ፣ እናትህ ቤት በልተህ የምታገኘው የስድስት ወር ኮንትራት ደመወዝ ሙሉው ያንተ ነው። ኪራይ አልነካውም።

ያ ካልሆነ ጎንደርን ሞክር። ለጎንደር በሬ አይሸጥም፤ የሚኒባስ ሒሳብ፣ ፍራሽና ግማሽ ኩንታል ዱቄት ይበቃል። ከሁለት ጓደኛህ ጋር ክፍል ያዙ። ለራስህ የሦስት ወር ገደብ ስጥ።

መተማ የምትወርድ ከሆነ ለአጨዳው ብቻ፣ ከለመደ ሰው ጋር፣ አጎበር ይዘህ፤ መንገዱን ደግሞ ከመነሳትህ በፊት በነበረው ምሽት ጠይቅ፣ የባለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም። ስትመለስ ትኩሳት ካለህ «ወባ ነው» ብለህ ከሱቅ ኪኒን አትግዛ።

አዲስ አበባን በተመለከተ ለአክስትህ ልጅ አራት ነገር ጻፍለት። የሚቀጥርህ ድርጅት ማን ነው? ወር ሲደርስ እጅህ ላይ የሚገባው ስንት ነው? የት ታድራለህ፣ ለስንት ጊዜ? ዋስህ ማን ይሆናል? ለአራቱም መልስ ካመጣ ለአውቶቡሱ አንድ በግ ይበቃል፤ ለአባትህም በሬውን ይተዉት በላቸው።

ይህን ጽሑፍ ከመልቀቃችን በፊት ልጁን መልሰን ጠይቀነው ነበር። የአክስቱ ልጅ እስካሁን የላከለት «ና» የሚለውን ብቻ ነው።